የሰባተኛው ደብተር ቅጂ

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.
መንዝ፣ ሞላሌ

ውድ አመተሥላሴ፣

ጥፋቱ ያንቺ ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያስተማሩን እንደዚያ ነበር፤ መጀመሪያ የሰው ጤንነት ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የራስ ጤንነት ይነገራል፣ ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ስድሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ጣቴም በብርዱ ይደነዝዛል። ሳልደክም ዋናውን ልጻፍ ብዬ ነው። የወንድሜ የመኳንንት ልጅ አመተሥላሴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው።

ትናንት እሑድ የእኅትሽ የኮከብ ሠርግ ይሆን ነበር። ዳሱ ሳይጣል ቀረ። ለጠላው የተዘጋጀው ብቅል አፉ እንደታሰረ ጓዳ ቆሟል። ለሠርጉ የተለዩት ሦስት ሙክቶች ከመንጋው ጋር ተመልሰው ወደ ግጦሽ ወጡ። ኮከብ ነገ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወዳንቺ ትመጣለች፤ ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽም እሷ ናት። ከታኅሣሥ ወዲህ አፏን ከፍታ አላናገረችኝም። ለእኅትሽ ደብዳቤ ብሰጥሽ ትወስጂልኛለሽ ወይ ብላት ቀና ሳትል ራሷን ነቀነቀች። ይህንንም እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርኩት።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ ትይኝ ይሆናል። በስልክ የተናገርኩት ወዲያው ይጠፋል። ይህ እንዲጠፋ አልፈልግም።

አያትሽን ገብረ አማኑኤልን አልደረስሽባቸውም። አባቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከቀየት እስከ ሞላሌ ግን ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ደጅ ሳይረግጥ ሽማግሌ አይልክም። ደጃፉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጠው በወንዱ በኩል ሰባት ቤት፣ በሴቷ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አይገናኙም ካሉ ሽማግሌ ይላካል። ይገናኛሉ ካሉ ነገሩ እዚያው ድንጋዩ ላይ ያልቃል፤ የሚቀየማቸውም የለም። የሚያስጠኑት አባትሽን መኳንንትን ነበር፤ ወንድ ልጃቸው ነዋ። እሱ ዓይኑ በጎቹ ላይ ነው፤ ጓዳ ሆኜ እያዳመጥኩ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ዘር ብትቆጥር ማን ይሰማታል ይሉ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ ግን የጠሩት እኔን ነው።

መሠረተ ትምህርት ወደ እኛ ቀበሌ የመጣው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ሰው ሳቀብኝ፤ ተሾመች ልትቀድስ ነው አሉ። እኔ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ በኋላ የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ ከዚያ የአባታቸውን፣ ከዚያም ማቆም አልቻልኩም። ሃያ ዓመት ጻፍኩ። ያልያዝኩትን ደግሞ አዛውንቶች ቤት በእግሬ እየሄድኩ ጠየቅሁ። አንድ ስም ልጠይቅ ቀን ሙሉ የተጓዝኩበት ጊዜ አለ። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። ሰባተኛው ከቀየቷ ከወይዘሮ ጠጄ አፍ የወሰድኩት ነው፤ እሷም በዓመቱ ሞተች።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበር። የጻፍኩትን ጭንቅላቴ ያወርደዋል። ሸክሙን ሌላ እንደተቀበለው ሰው ትከሻዬ ይላላል። አባቴ ወረቀት ስላልነበራቸው አንድ ስም አልጣሉም። እኔ ደብተር ነበረኝ፤ ስለዚህ ጣልኩ።

አንቺ ዲፕሎማሽን ይዘሽ መጥተሽ ሞላሌ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትሽው በዘጠና ሰባት ነው። እናትና አባትሽ ካረፉ በኋላ ያሳደግኳት ልጅ በአስፋልት አገር ተምራ ተመለሰች ብዬ ኮራሁ። አልደብቅሽም። አራተኛውን ደብተር አይጥ ጫፉን በልታው አይተሽ፣ ይስጡኝ እትዬ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባልዎት አልሽኝ። አሥራ አንዱን ደብተር በአገልግል አድርጌ አመጣሁልሽ። ስምንት ወር ፈጀብሽ። የእጄን ጽሕፈት ስላልለመድሽው በየገበያው ቀን መጥቼ ከጎንሽ ተቀምጬ አነብልሽ ነበር።

«እትዬ፣ ይህ ፊደል ነው ወይስ የበግ እግር?» አልሽኝ አንድ ቀን።

«የበግ እግር ባይሆን መች እዚህ ድረስ ይመጣልሽ ነበር» አልኩሽ።

ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣው ሰውዬ እንኳ ሳቀ። እኔ ስም እጠራለሁ፣ አንቺ ትመቺያለሽ፣ ስሙ መስተዋቱ ላይ ብቅ ይላል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደግ ቀን ብዙ አላየሁም። ይህን የምጽፈው እንድትደሰቺ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ሲያልቅ፣ ይህ ዕቃ የሞተ ቀን ምን ይኮናል ብዬ ጠየቅሁሽ። ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ አልሽ። የትና የት ስልሽ፣ ማሽኑ ሁለት ክፍል አለው፤ በአንዱ ዋናው፣ በሌላው ቅጂው ተቀምጧል አልሽኝ።

«ሁለቱም እዚሁ ሳጥን ውስጥ?»

«አዎ፤ ግን ይለያያሉ እትዬ።»

«ቤት ሲቃጠል ጓዳው ለብቻው ይተርፋል?»

ሳቅሽብኝ። እኔም የአባቴን የዘር ገብስ ነገር አነሳሁብሽ። አባቴ ዘሩን ለሁለት ይከፍሉት ነበር። ግማሹን እቤት፣ ግማሹን ነቀዝ እንዳይበላው በዓመድ ለውሰው፣ በአህያ ጭነው ገደሉን ወርደው፣ ቆላ ከተማ ነጋዴ ከሆኑት ከያሲን አባት ዘንድ ያስቀምጡታል። ሳር ቤታችን ከነእህሉ የነደደ ዓመት የዘራነው ያንን ነው። ደግሞም በየዓመቱ ከመዝራታቸው በፊት ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ ወስደው እርጥብ ጨርቅ ላይ ያበቅሉት ነበር። ሳያዩት አያምኑትም። እንግዲያው አንዱን ቅጂ ለያሲን እንላክለት አልኩሽ።

«እትዬ ደግሞ! ያሲን ኮምፒውተር እንኳ የለውም። ምን ያደርግለታል?»

«አባቱስ የእኛን ገብስ መች ዘርተውት ያውቃሉ?»

ወደ ማሽንሽ ዞርሽ። ያን ቀን አጥብቄ ብይዝሽ ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ግን ባለ ዲፕሎማዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል የለየሁ ባላገር ነኝ። ያወቅሁትን እንደማላውቅ ሆኜ ተውኩት።

ብቻ ስለወተወትኩሽ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለእኔ ልትሰጪኝ ተስማማን። ሁለት ነገር አሳየሽኝ። አንዱ ጣት የምታክል ፍላሽ ናት። እሷን ሰው ይዋሳታል፣ ቫይረስ ይገባባታል፣ ያለውን ፍቆ ሌላ ሊጭንባት ይችላል አልሽ። ሌላው ክቡ ሲዲ ነው። ይህ አንዴ ከተጻፈበት አይፋቅም አልሽኝ። አይፋቅም የሚለው ቃል ደስ አለኝና ሲዲውን መረጥኩ። አሥራ አንድ ደብተር፣ የስንቱ ሰው አባትና እናት፣ መዳፌ ላይ ቀለለኝ። በወረቀት ኪሱ ከተሽ እንዳይጫር፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት ብለሽ ሰጠሽኝ። ደጃፍ ድረስም ሸኘሽኝ። አባቴ እፍኝ ገብስ ያበቅሉ የነበሩትን ያህል እንኳ፣ አንድ ጊዜ ከፍተን አላየነውም። አንቺም አላልሽ፣ እኔም አላልኩ።

ደብተሮቹስ? እዚሁ ይቀመጡ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጉልዎታል አልሽኝ። ቤት ስትቀይሪ ከአሮጌው ቤት ጥግ ትተሻቸው ወጣሽ። የገባበት ሰውዬ ሱቅ ከፈተበት። በመጋቢት ገበያ ጥቁር አዝሙድ ልገዛ ገባሁ። ሰውዬው ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ አዝሙዱን ሞላልኝ። ውጪ ወጥቼ ሳየው የእጄ ጽሕፈት ነው። የአንዲት ሴት አራት ልጆች ስም ነበረበት፤ ሦስቱ በሕፃንነት የሞቱ። ተመልሼ ገባሁና ይህን ከየት አመጣኸው አልኩት።

«ቤቱ ውስጥ ያገኘሁት ነው፣ እማማ። ንጹሕ ወረቀት ነው፣ አይጸየፉት» አለኝ።

የቀረውን ለቅሜ ወሰድኩ። ከአሥራ አንድ ደብተር አሥራ ዘጠኝ ቅጠል። ከሰባተኛው አንድም አልነበረበትም። እያለቀስኩ ስመጣብሽ፣ ምን ችግር አለው እትዬ፣ ሁሉም እኮ ማሽኑ ውስጥ አለ አልሽኝ። አመንኩሽ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄደና ሲመለስ በኃይል ተመለሰ። ማሽንሽ ጨሰ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ጠጋኝ ልቡ ነው የተቃጠለው፣ ከዚህ የሚወጣ የለም አለሽ። ዋናውም ቅጂውም አንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ነጠላሽ በዝናብ ተጣብቆብሽ፣ ጫማሽን ጭቃ በልቶት፣ እኔ ጋ ሮጠሽ መጣሽ፤ ሲዲው ይውጣልኝ አልሽ። ሰጠሁሽ። በማግሥቱ ባገኘሽው ማሽን ሁሉ ሞክረሽው እንቢ አለ። ተመልሰሽ መጥተሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ አባቴ ይቆጥሩበት ከነበረው ላይ ተቀመጥሽና አለቀስሽ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ርካሽ ሲዲ ነው የገዛሁት። ሳልሞክረው ነው የሰጠሁዎት።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አልኩሽ።

ቀጥሎ ያለው ፋሲካ ትዝ ይልሻል። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወንድይራድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሰባት ቤት ሙታንን ሁለተኛ የገደለች ልጅ ይቺ ናት ብለው በከዘራቸው አመለከቱሽ። ሴቶቹ ምንጭ ወርደሽ እንኳ በሐሜት ተቀባበሉሽ። አንቺ በፋሲካ ማግሥት ዕቃሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ አገርሽን አልረገጥሽም። እኔ ያን ቀን ከአቶ ወንድይራድ ሦስት ክንድ ያህል ርቄ ተቀምጬ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን የኮከብን ነገር ልንገርሽ። በስልክ ምን ያህል እንደነገረችሽ አላውቅም።

ዳኜ ቀየት የሚያስተምር ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ ሲናገር ደግሞ ቃሉን የሚመርጥ። ኮከብ እሱን ካወቀች ወዲህ በግ ስታግድ እንኳ ታንጎራጉራለች። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ልኮ ነገሩ ሁሉ ካማረ በኋላ አቶ ወንድይራድ አንድ ነገር አነሡ። የዳኜ ቅድመ አያት ጥሩሸዋ የምትባል ሴት ናት፤ ያደገችው ቀየት በአወቀ ቤት ነው። አወቀ ደግሞ የእናታችሁ ቅድመ አያት ነው። አወቀ ወልዷት ከሆነ ዳኜና ኮከብ በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ፤ ጋብቻ አይሆንም። ኋለኛዋ ሚስቱ ከፊተኛው ባሏ ይዛት የመጣች እንጀራ ልጁ ከሆነች ግን፣ የእናታችሁ ዘር ከፊተኛዋ ሚስቱ ስለሆነ፣ ምንም አይገናኙም። ነገሩ ሁሉ በዚህች በአንዲት ሴት ላይ ቆመ።

እሷ ሰባተኛው ደብተር ላይ ነበረች። ይህን አውቃለሁ። ወይዘሮ ጠጄ ስትነግረኝ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ሰኔ ነው፣ ጉሙ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጥሩሸዋ ብዬ ልጽፍ ስል እስክሪብቶዬ ደረቀብኝ። ጫፉን በትንፋሼ ሳሞቀው ጠጄ ሥራዋን ትታ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነገረችኝ፣ ጻፍኩት። በስተግራ ገጽ፣ ከታች ሁለተኛው መስመር። መስመሩ ይታየኛል። ወለዳት ይላል ወይስ አሳደጋት? ቃሉ አይታየኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ስንት ጊዜ ገጹን ገለጥኩት መሰለሽ። ቀየትም ወርጄ ጠየቅሁ። የሚያውቅ ሰው አልቀረም፤ የሚያውቁት ለእኔ ነግረው ነው የሞቱት።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጡና ተሾመች ትናገር አሉ። አላውቅም አልኩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ነው። አቶ ወንድይራድ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

ኮከብ በማግሥቱ ከብት ሳይወጣ መጣች። አላለቀሰችም።

«እትዬ፣ የሞተ ሰው ተነሥቶ አይከራከርዎትም። አሳደጋት ይበሉና ይለቅ።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆንስ ማን ያውቃል?»

«ማንም ስለማያውቅ እኮ ነው የምፈራው» አልኳት።

«የአገሩን ሁሉ ልጅ ሲድሩ ኖረው ለእኛ ሲደርስ ጠፋብዎት» አለችኝና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ነው ያልተነጋገርነው።

ልዋሽላት አስቤ እንደነበር ላንቺ ልንገርሽ። አንድ ቃል ናት። የቆሎ ያህል እንኳ አትከብድም። ልብሴን ለብሼ ወደ አቶ ወንድይራድ ደጅ መንገድ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ዳኜ መንገድ ላይ አገኘኝ፤ እኔ ጋ እየመጣ ነበር። የድንጋይ አጥሩ ሥር አብረን ቆምን።

«እማማ ተሾመች፣ እርግጠኛ ካልሆኑ ለእኔ ብለው አይናገሩ» አለኝ። «ልጅ ወልደን ካሳደግን በኋላ የሚያውቅ ሰው ድንገት ቢመጣ፣ ልጆቼን ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ?»

ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነበር። ጋብቻውን አልፈለገም አልልም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ከሠርጉ ጋር የማይገናኝ ነገር ጠየቅሁት፤ እሱ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ይነካካል። ሲዲ ሙቀት ይፈራል ወይ አልኩት። ግር አለው። «ይፈራል እንጂ፤ ፀሐይ ላይ እንኳ አይተውም። ጭስና ሙቀት ያበላሸዋል» አለኝ። አመስግኜው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አቶ ወንድይራድ ደጅ አልደረስኩም። ጋብቻውም ቀረ።

አሁን ለምን እንደጠየቅሁት ልጻፍልሽ።

ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት ብለሽኝ ነበር። አመተሥላሴ፣ አንቺ እዚህ ቤት አድገሻል። በክረምት ጉም በበሩ ገብቶ አልጋ ላይ የሚተኛበት አገር ነው። ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል፣ ጓዳ ያለ ቆዳ ፀጉር ያበቅላል። በቤቴ ውስጥ ደረቅ ቦታ አንድ ነው፤ ከምድጃው በላይ። የአባቴ ዳዊት በማኅደሩ ሆኖ ምድጃው ላይ ካለው ወራጅ አርባ ዓመት ተሰቅሏል፤ ብልም ነቀዝም አልነካውም። ሲዲውን ከዳዊቱ ኋላ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት። ክብር መስጠቴ ነበር። አንድ ዓመት ከምናምን የኩበት ጭስና ሙቀት ሲጠጣ ኖረ።

ያን በዝናብ የመጣሽ ቀን፣ ደጃፍ ጠብቂኝ ብዬሽ ብቻዬን የገባሁት ለዚህ ነው። ሳወጣው ጥላሸት ለብሷል፣ ጎበጥ ብሏል፣ ጫፉ ላይ ብልጭልጩ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቷል። በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት። የወረቀት ኪሱ ጠቁሮ ስለነበር ምድጃ ውስጥ ጣልኩትና ሲዲውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። አንቺ በማግሥቱ መጉበጡን አይተሽ ርካሽ ሲዲ ገዛሁ ብለሽ ስታለቅሺ፣ እኔ እጄ ላይ የትናንቱ ጥላሸት ገና አልለቀቀም ነበር። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩና አዎ፣ አንቺ ነሽ አልኩ። በፋሲካም አቶ ወንድይራድ ከዘራቸውን ሲቀስሩብሽ እጄ እዚያው ነጠላዬ ውስጥ ነበር።

ምናልባት ጭሱ አይደለም እያልኩ ሁለት ዓመት ራሴን አባበልኩ። ዳኜ ያንን ማባበያ ወሰደብኝ።

ያንቺ ድርሻ አልተነሣልሽም። ደብተሮቹን የጣልሽው አንቺ ነሽ። ዋናውንና ቅጂውን አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ያሲንን የናቅሽው፣ ሲዲውን ሳትሞክሪ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። አልማርኩሽም፤ ምሬሻለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ሰባተኛው ደብተር የሞተው በሁለት ሰው እጅ ሲሆን፣ አንቺ ብቻሽን አገር ለቀቅሽ።

አሁን እንደገና እየጻፍኩ ነው። በእርግጠኝነት የምለው ሦስት ደብተር ተኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተጠራጠርኩትን ሁሉ ከጎኑ አላረጋገጥኩም እያልኩ እጽፋለሁ። ጥሩሸዋንም እንደዚያ ጻፍኳት። አንድ ገጽ ስጨርስ ያንኑ ገጽ በሌላ ደብተር ሳልገለብጥ አልተኛም። አንዱ እኔ ጋ ይቀራል፤ ከምድጃው ርቆ። ሌላውን ያሲን ለገበያ ሲወጣ ወሰደው። በላስቲክ ጠቅልሎ ሱቁ ውስጥ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ እንደሚያኖረው ነገረኝ። የአባትዎ ገብስ ያደረበት ቤት ነው፣ አይጠፋም አለኝ። በየዓመቱ መስከረም ይዞት ይመጣል፤ እሱ ያነባል፣ እኔ በኔ ላይ እከታተላለሁ። ስም ለስም።

ኮከብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ላንቺ ብዬ የገለበጥኩትን ሦስተኛውን ቅጂ ትሰጥሻለች። ባለፈው ዓመት በጎረቤታችን በመሲ እጅ የላክሽልኝ ፍላሽም አብሮ አለ። ባዶ ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔም የምሞላው አልነበረኝም። ተይቢውና ፍላሹን ሙዪው፣ ደብተሩን ግን አትጣይ። ደግሞም በየዓመቱ ፍላሹን ክፈቺና የመጨረሻውን ስም በስልክ አንብቢልኝ። ካላነበብሽልኝ የለም ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ኮከብን ተቀበያት። ስትረጋጋ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላት፤ የምድጃውን ነገር አትዝለዪ። ማንን መጥላት እንዳለባት አውቃ ትጥላ።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጽዱ ሥር እቆማለሁ። ለአቶ ወንድይራድ የማሳየው ነገር አለኝ፤ ድንጋዩ ላይ ትተሽው የሄድሽው ያ የጎበጠ ሲዲ እኔ ዘንድ አለ፣ አልጣልኩትም። ለፋሲካ መምጣት አለመምጣት ያንቺ ነው፤ አልለምንሽም። ከእንግዲህ ግን ስምሽ በክፉ ሲነሣ፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ዝም አልልም።

አክስትሽ
ተሾመች ገብረ አማኑኤል